ውሃ በፈረቃ ሲሆን ቤት ባለው ዕቃ እንዲህ አድርጉ

«ውሃችን በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። አንቺ እንዴት ነው የምታብቃቂው?» ሰሞኑን አዲስ ኮንዶሚኒየም የገባች ጓደኛዬ ደውላ ጠየቀችኝ። ከእሷ በፊት የአክስቴ ልጅ ጠይቃኛለች። ከዚያም በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ። በስልክ ስነግራቸው ግማሹን ይረሱትና እንደገና ይደውላሉ። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ቦታ ጻፍኩት።

ይህ መመሪያ ሮቶና ፓምፕ ማስገጠም ለማትችሉ ነው። ተከራይ ለሆናችሁ፣ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ፣ ቦታ ለሚጠባችሁ። ዕቃው አብዛኛው ቤታችሁ አለ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ብዙ ጊዜ ውሃው የሚበላሸው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ጣሳ ይነከርበታል፤ ጣሳውን የያዘው እጅም ይነካዋል። ስለዚህ የመጠጥ ውሃ ውስጥ እጅ የሚባል ነገር እንዳይገባ ነው የምንሠራው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ክዳናቸው የሚጠብቅ ባለ 20 ወይም ባለ 25 ሊትር ጀሪካኖች (ብዛቱን ደረጃ 1 ላይ እናሰላለን)
- አንድ በርሜል ወይም ትልቅ ባልዲ ከነክዳኑ
- ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ
- ቀጭን ምስማር፣ ጉጠት፣ ሻማ
- ሲባጎ ወይም የቆየ የጫማ ማሰሪያ
- 2 ሜትር ያህል አዲስ የውሃ ጎማ፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው
- ሽቶና ቀለም የሌለው በረኪና፣ ጥንካሬው በመቶኛ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈ
- መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ባለ 5 ሚሊ ሊትር (መድኃኒት ቤት ይገኛል)
- ንጹህ የነጠላ ቁራጭ
- የብረት ትሪ
- ቀይ የጥፍር ቀለም
- አንድ እፍኝ የታጠበ ጠጠር

ደረጃ 1፦ ስንት ሊትር እንደሚበቃችሁ አስሉ

የረድኤት ድርጅቶች በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ዝቅተኛ ልክ አድርገው ይይዛሉ። ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመታጠብ ማለት ነው። ቤታችሁ 4 ሰው ካለና ውሃ 3 ቀን የሚጠፋ ከሆነ 15 በ4፣ በ3 ሲባዛ 180 ሊትር ይመጣል። ይህ ባለ 20 ሊትር 9 ጀሪካን ነው። አንድ ቀን ጨምራችሁ አስቡ፤ ፈረቃ ይዘለላል።

ይህን ሳያሰሉ የሚጀምሩ ሰዎች ወይ በሁለተኛው ቀን ያልቅባቸዋል፣ ወይ ቤቱን በጀሪካን ሞልተው መተላለፊያ ያጣሉ።

ክብደቱንም አስቡ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 180 ሊትር ማለት 180 ኪሎ ነው። ጀሪካኖቹን በረንዳው ጫፍ ላይ አትከምሩ፤ ግድግዳ ሥር ደርድሩ። ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ነው። የሚያውቅ ባለሙያ ሳያይላችሁ በረንዳ ላይ አታስቀምጡት።

ደረጃ 2፦ ጀሪካኑን ምረጡና እጠቡ

ከመግዛታችሁ በፊት አሽትቱት። የምግብ ዘይት የነበረበት ይሆናል። ፀረ ተባይ፣ ቀለም፣ ነዳጅ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ግን በምንም ዓይነት አይሆንም። ፕላስቲክ ኬሚካል ይመጥጣል፤ ብታጥቡትም አይለቅም። ሻጩ «ምን እንደነበረበት አላውቅም» ካለ ተዉት።

አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም። ለዚህ ነው ጠጠሩ።

1. ጠጠሩን፣ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ላርጎ ጨምሩ።
2. ክዳኑን አጥብቃችሁ ለሁለት ደቂቃ በሁሉም አቅጣጫ ናጡት። ጠጠሩ እንደ ብሩሽ ግድግዳውን ይፈገፍጋል። የዘይት ጀሪካን ከሆነ ሦስት ጊዜ ድገሙት።
3. ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቁ።
4. አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር) በረኪና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡና ጨምሩ። ሁሉም ቦታ እንዲነካ አንከባሉት። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ድፉት።
5. ክዳኑን ሳትገጥሙ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አድርቁት።

ክዳኑን መርሳት የተለመደ ነው። ክሩ ውስጥ ጥቁር ቆሻሻ ይጠራቀማል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት።

ውስጡ አረንጓዴ የሚሆነው ብርሃን ስለሚያገኘው ነው። አልጌ ያለ ብርሃን አያድግም። ጀሪካኖቹን ጥላ ውስጥ አድርጉ፣ ወይም ጆንያ አልብሷቸው።

ደረጃ 3፦ ውሃው ሲመጣ ያዙት

ውሃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው። 9 ሰዓት ላይ መጥቶ 11 ሰዓት ላይ ሊሄድ ይችላል። ተኝታችሁ ካመለጣችሁ ሌላ ሦስት ቀን ነው።

መፍትሔው የብረት ትሪ ነው። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ትንሽ ክፈቱና ትሪውን ማጠቢያው ውስጥ ደፍታችሁ አስቀምጡ። መጀመሪያ ከቧንቧው አየር «ፍስስ» ይላል። ከዚያ ውሃው ትሪውን ሲመታ ጣራ ላይ እንደወደቀ በረዶ ይጮኻል። እኛ ቤት መኝታ ቤቱ በር ተዘግቶም ይሰማል። ሌሎቹ ቧንቧዎች ሁሉ ይዘጉ። የማጠቢያው መውረጃ ክፍት መሆኑን ደግሞ በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ።

ከቤት ስትወጡ ግን ይህን በጭራሽ አታድርጉ። አንድ ጊዜ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሳልዘጋ ሥራ ሄድኩ። የሰሃን ማጠቢያው ጨርቅ መውረጃው ላይ ነበር። ውሃው ጠዋት መጣ። ማታ ስገባ የታች ፎቅ ጎረቤታችን ፍራሻቸውን ግድግዳ ላይ አቁመው እያደረቁ አገኘኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፌን የምሰቅለው «ቧንቧ» ተብሎ ከተጻፈበት ወረቀት ሥር ነው።

ውሃው ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. የመጀመሪያውን ድፍርስ ውሃ ወደ ሽንት ቤት ባልዲ ቅዱት። ባዶ የነበረ ቧንቧ ውስጥ ዝገትና ደለል ይነሳል። ግፊት በሌለበት ሰዓት ደግሞ ከውጭ ቆሻሻ ወደ መስመሩ ሊገባ ይችላል።
2. በብርጭቆ ቅዱና ወደ ብርሃን አንሡት። ጥርት ሲል የመጠጡን ጀሪካን ሙሉ።
3. ቀጥሎ የምግቡን፣ በመጨረሻ በርሜሉን። ውሃው መሃል ላይ ቢሄድ የጎደለው የማጠቢያው ይሁን።

ደረጃ 4፦ በሥራው ለዩት

በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ። ውሃና ሳሙና ቶሎ አያስለቅቀውም። አንድ ነጥብ ለመጠጥ፣ ሁለት ነጥብ ለምግብ፣ ሦስት ነጥብ ለማጠቢያ። ልጆችም ይረዱታል።

የሞላበትን ቀን ቆርጣችሁ በለጠፋችሁት ወረቀት ላይ ጻፉ። ቀድሞ የተሞላው ቀድሞ ይጠጣ።

ደረጃ 5፦ የመጠጡን አክሙ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። በጣም የምጠየቀውም፣ በጣም የሚያስፈራኝም ይህ ነው። «በረኪና በዓይን ለክቼ ጠብ አደርጋለሁ» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

በረኪናው 5 በመቶ ከሆነና ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ ልኩ ለአንድ ሊትር 2 ጠብታ ነው። ለ20 ሊትር 40 ጠብታ፣ ማለትም 2 ሚሊ ሊትር። ለ25 ሊትር 2.5 ሚሊ ሊትር። ጠብታ ከመቁጠር ሲሪንጁ ይቀላል፣ አያሳስትምም።

1. ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ አስቀምጡት፣ ይዝቀጥ። ከዚያ አራት ጊዜ ባጠፋችሁት ነጠላ አጥልሉት። ቆሻሻው በረኪናው ውስጥ ያለውን ጀርም ገዳይ ክሎሪን ስለሚያባክነው ነው። ካጠለላችሁም በኋላ ድፍርስ ከሆነ ልኩን እጥፍ አድርጉ፤ ለ20 ሊትር 4 ሚሊ ሊትር።
2. በሲሪንጁ ለክታችሁ ጨምሩ። ክዳኑን ገጥማችሁ ናጡ።
3. 30 ደቂቃ ጠብቁ። ክሎሪን ጀርም ለመግደል ጊዜ ይፈልጋል። ወዲያው ከጠጣችሁት ያልታከመ ውሃ ነው የጠጣችሁት።
4. አሽትቱት። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ካለው ተዘጋጅቷል። ምንም ከሌለው ያንኑ ልክ አንድ ጊዜ ድገሙና 15 ደቂቃ ጠብቁ። ያኔም ካልሸተተ አትጠጡት፤ ሌላ ውሃ ፈልጉ።

በረኪናው ጠርሙስ ላይ መቶኛው ካልተጻፈ ለመጠጥ አትጠቀሙበት። የሎሚ ወይም የአበባ ሽታ ያለውንም እንደዚሁ። እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ ካገኛችሁ ይሻላል። እሱ ከበረኪና የቀጠነ ስለሆነ ከላይ ያለው ልክ ለእሱ አይሠራም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን መመሪያ ተከተሉ። በረኪና ሲቆይም ይደክማል፤ ለወራት ፀሐይ ላይ በቆመ አትመኑ።

ማፍላት ለምትመርጡ፦ ውሃ ከፍታ ላይ ቶሎ ይፈላል፣ በትንሽ ሙቀት ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃዋ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ፈልቶ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ዝቅ ያለ ቦታ 1 ደቂቃ ይበቃል። በፈላበት ዕቃ፣ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ።

በረኪናም ሆነ ማፍላት የሚገድለው ጀርምን ነው። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ለምትጠጡ፣ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ሁለቱም አያስወግዱትም። እንዲያውም ረጅም ማፍላት ውሃውን እያተነነ ፍሎራይዱን ያጠነክረዋል።

ደረጃ 6፦ የእጅ መታጠቢያ ከጠርሙስ ሥሩ

ይህችን እኔ በጣም እወዳታለሁ። ልጆች በጣሳ ሲታጠቡ አንዱ ያፈሳል፣ አንዱ ይታጠባል፣ ግማሹ ይደፋል። ይህች ግን ለብቻ ታስታጥባለች።

1. ጠንከር ያለ የለስላሳ ጠርሙስ ምረጡ። የሃይላንድ ላስቲክም ይሆናል፤ ነገር ግን ስስ ስለሆነ ይጨማደዳልና ክዳኑን ስትዘጉ ቶሎ አያቆምም።
2. ምስማሩን በጉጠት ይዛችሁ ሻማ ላይ አግሉ። መስኮት ክፈቱ፤ የሚቃጠል ፕላስቲክ ጭሱ መጥፎ ነው።
3. ከጠርሙሱ ሥር አውራ ጣት የሚያህል ከፍ ብላችሁ አንድ ቀዳዳ ብሱ። ስፋቱ ከክብሪት እንጨት አይብለጥ።
4. ቀዳዳውን በጣት ይዛችሁ ውሃ ሙሉ፤ ክዳኑን አጥብቁ።
5. አንገቱን በሲባጎ አስራችሁ ከቧንቧው ላይ አንጠልጥሉት። ቀዳዳው ወደ ማጠቢያው ይዙር።

አሁን ክዳኑን ትንሽ ላላ አድርጉት። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። መልሳችሁ አጥብቁት። ሁለት ሦስት ጠብታ ይልና ይቆማል። ምክንያቱ አየር ነው። ውሃ እንዲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ክዳኑ ሲጠብቅ አየር መግቢያ የለውም፤ ውሃውም ባለበት ይቆያል። ቀዳዳው ከሰፋ ግን አየሩ በዚያው በቀዳዳው እየሾለከ ይገባል፣ ክዳኑ ቢጠብቅም ያንጠባጥባል። ያኔ ጠርሙሱን ጥላችሁ ሌላ ብሱ፤ በማስቲካና በፕላስተር አትድከሙ።

አሠራሩ፦ ላላ፣ እጅ ማራስ፣ ጥብቅ። ሳሙና፣ ማሸት። ላላ፣ ማለቅለቅ፣ ጥብቅ። ክዳኑን በቆሸሸ እጅ ስለምትነኩት እጃችሁን ስታለቀልቁ እሱንም አብራችሁ አለቅልቁት። እኛ ቤት ባለ 2 ሊትሩ አንድ ጠርሙስ ከአሥር ጊዜ በላይ ያስታጥባል። ሳሙናውን በአሮጌ ካልሲ አድርጋችሁ አጠገቡ አንጠልጥሉት፣ አይንሸራተትም።

ደረጃ 7፦ ከበርሜል በጎማ ቅዱ

በርሜሉን ከመሙላታችሁ በፊት ብሎኬት ላይ አቁሙት። ባለ 200 ሊትር ከሞላ በኋላ ማንም አያነሳውም።

ጎማውን ቧንቧ ሥር ወይም ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ ሙሉ ለሙሉ ውሃ አስገቡበት። ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት ያዙ። አንዱን ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ከውሃው በታች፣ ሌላውን መሬት ባለው ባልዲ ውስጥ አድርጉና ልቀቁ። የሚቀዳበት ጫፍ ከበርሜሉ ውሃ በታች እስከሆነ ድረስ ራሱ ይወርዳል። ማቆም ስትፈልጉ ጫፉን ከበርሜሉ ውሃ በላይ ከፍ አድርጉት።

በአፍ አትሳቡ። ጀርሙን ከአፋችሁ ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ አፋችሁ ማመላለስ ነው።

ደረጃ 8፦ ሽንት ቤቱን በባልዲ ልቀቁ

የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ አትድፉ። ሽንት ቤት ይለቅቃል። 5 ወይም 6 ሊትር ያህል በባልዲ ያዙና በአንድ ጊዜ፣ ፈጠን አድርጋችሁ መቀመጫው ውስጥ አፍስሱት። በጣሳ በጣሳ ብትጨምሩ 15 ሊትር ቢሆንም አይወስደውም። ቆሻሻውን የሚስበው ውሃው በአንዴ ሲሞላ የሚፈጠረው ጉልበት ነው።

የሳሙና ውሃ ከኋላ ያለው ሳጥን ውስጥ አታድርጉ፤ የልብስ ክርና ሳሙናው ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጎማ ያበላሻሉ። የፈላ ውሃም አትድፉ፣ ሸክላው ይሰነጠቃል። ያገለገለ ውሃ ከአንድ ቀን በላይ አታሳድሩ፤ ይሸታል።

ደረጃ 9፦ የመታጠቢያ ቤቱን ሽታ አቁሙ

ውሃ በጠፋ በሳምንቱ መታጠቢያ ቤቱ የሚሸተው ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ስላለ አይደለም። ወለሉ ላይ ካለው መውረጃ ሥር ጎበጥ ያለች ቦታ አለች። እዚያ የሚቆመው ውሃ የፍሳሹን ሽታ ያግዳል። ሲደርቅ ሽታው ይወጣል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አፍስሱ፤ ከላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ዘይቱ ስለሚንሳፈፍ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል።

ደጋግመው የሚሠሩ ስህተቶች

የመጠጥ ውሃ በክፍት ባልዲ ማስቀመጥ ዋነኛው ነው። ያከማችሁትን ውሃ አንድ ጣሳ ያበላሸዋል። ከጀሪካን ወደ ጆግ አዘንብላችሁ ቅዱ፣ ጆጉንም ክደኑ።

ሁለተኛው፣ የድሮውን ቅሪት ሳይደፉ ላዩ ላይ መሙላት። ሥሩ ያለው ዝቃጭ ክሎሪኑን ይበላዋል። ቅሪቱን ለወለል ተጠቀሙበት።

ሦስተኛው፣ «ብዙ ባደርግ ይበልጥ ይጸዳል» ብሎ በረኪና ማብዛት። ጉሮሮና ሆድ ይጎዳል። ልኩ ልክ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። በስህተት ከተቀላቀለ ወዲያው ወጥታችሁ አየር ያለበት ሂዱ።
- በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጣችሁ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።
- በእግሩ መሄድ የጀመረ ሕፃን ባለበት ቤት ክፍት ባልዲ ወይም ሳፋ መሬት ላይ አይቀመጥ። በአንድ ስንዝር ውሃም ይታፈናል።
- ድሬዳዋና ሌሎች ሞቃታማ ከተሞች ያላችሁ፣ በርሜሉን ጨርቅ ወጥራችሁ ክደኑ። ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። በሳምንት አንዴ ባዶ አድርጋችሁ ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍጉ፤ እንቁላሉ ይጣበቃልና ማለቅለቅ ብቻ አያነሳውም።
- ውሃ ሲሄድ የቦይለሩን ማብሪያ ወዲያው አጥፉ። ባዶውን ከሞቀ ማሞቂያው ይቃጠላል። ውሃ ሲመለስም ቶሎ አታብሩት። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ፤ መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ እየተቆራረጠ ውሃ ይመጣል። ሳይቆራረጥ አንድ ደቂቃ ከወረደ በኋላ ቧንቧውን ዝጉና ያኔ አብሩት።